ሪአክሽንን በኮምፒውተር ማስላት ኬሚስትሪ ነው ወይስ አይደለም? ከጅማ የተነሳ ክር

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ከጅማ ነው። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ርዕሷ ቡና ሲቆላ ፍሬው ውስጥ ያለው ትሪጎኔሊን የተባለ ውህድ እንዴት ወደ ኒኮቲኒክ አሲድ እንደሚለወጥ ነው። ኒኮቲኒክ አሲድ ናያሲን የምንለው የቢ ቫይታሚን ነው። ሐሳቧ ላቦራቶሪ ገብታ ልትሠራው ነበር። የታዘዘው ሪኤጀንት ግን በውጭ ምንዛሪ እጥረት ሳይመጣ ቀረ። አማካሪዋ ሪአክሽኑን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን እንድታጠናው መከሯት። ልጅቷ ሌት ተቀን ሠራችበት። ዲፌንሱ ሲቃረብ ግን ይሄማ ኬሚስትሪ አይደለም የሚሉ መምህራን ተነሱ።

እኔ ኬሚስትሪ ነው እላለሁ። ሪአክሽን ማለት ኤሌክትሮኖች ቦታ ሲቀያየሩ፣ አንዱ ቦንድ ሲበጠስ ሌላው ሲገጠም ነው። ብልቃጥ ውስጥ የምናየው መነሻውንና መድረሻውን ነው። መሃሉ በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ያልፋል። ግብፅ የተወለደው አህመድ ዘዌል እ.ኤ.አ. በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ያንን መሃል በሌዘር ብልጭታ ስላሳየን ነው። እንዲህ ዓይነት ሌዘር እኛ ዘንድ የለም። ስሌት ግን ይቻላል። መሃሉን የሚያጠና ሰው ኬሚስትሪ አልሠራም ማለት ለእኔ ትክክል አይደለም።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። የተሰላው ቁጥር ከተለካ ቁጥር ጋር ፊት ለፊት መቆም አለበት። ማንም ያልለካውን ነገር ብቻ አስልቶ ውጤቱ ይህ ነው ማለት አይበቃም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ተስማሙ፣ ተቃወሙ፣ ግን ምክንያት ስጡ።

(ክሩ በጣም ስለረዘመ አዲስ ለሚገቡ ሰዎች መልሶቹን በቁጥራቸው እየተረክሁ ከታች አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም።)

መልስ 1

የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ ርዕሱ ሲያሳስበው የቆየ መሆኑን ነገረን። ከዚያ ሁሉም ተማሪ የሚጠይቀውን ጠየቀ። 8 ጊጋ ራም ያላት አሮጌ ላፕቶፕ አለችኝ፣ በእሷ መጀመር እችላለሁ ወይ ነው ጥያቄው። ለጊዜው የመለሰለት አልነበረም።

መልስ 2

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ፣ ግን አልራሩልኝም። ዲስቲሌሽን ሳይሠራ፣ ክሪስታል ሲወርድ ሳያይ፣ እጁ ሳይቃጠል የሚመረቅ ኬሚስት በዝቷል አሉ። ዋናው ነጥባቸው ጠንካራ ነው። ኮምፒውተር የተሳሳተ ጥያቄ ብትጠይቀውም መልስ ይሰጥሃል፣ ብልቃጥ ግን እምቢ ይላል የሚል ነው። በዚህኛው እኔም እስማማለሁ። ከዚያ ተነስተው ስሌቱን በሙሉ ጨዋታ ማለታቸው ግን አልተዋጠልኝም።

መልስ 3

አንድ ወጣት ለጋሼ በአንዲት መስመር መለሰላቸው። ብልቃጡ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥስ ምን ይባል አላቸው። አነጋገሩ ጎርበጥ ያለ ነበር።

መልስ 4

ፊዚክስ ያጠና ሰው ነው፣ ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። ፖል ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመላው ኬሚስትሪ የሚያስፈልጉት የፊዚክስ ሕጎች ታውቀዋል፣ የቀረው ችግር እኩልታዎቹ ለመፍታት እጅግ የተወሳሰቡ መሆናቸው ነው ብሎ መጻፉን አስታወሰን። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ከሌላው ጋር ይገፋፋል። ሞለኪውሉ ትንሽ ከፍ ሲል ስሌቱ ከሰው አቅም ውጭ ይሆናል። ከዚያ ዋልተር ኮን ከሆኸንበርግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1964፣ ከሻም ጋር ደግሞ በ1965 አዲስ መንገድ አወጣ። ኤሌክትሮኖቹን አንድ በአንድ ከመከታተል ይልቅ የኤሌክትሮኑን ጥግግት በየቦታው ማወቅ ይበቃል የሚል ነው። ዲ.ኤፍ.ቲ. የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ኮን እ.ኤ.አ. በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከጆን ፖፕል ጋር ተካፈለ። ሰውዬው ታሪኩን ካወራ በኋላ ዲ.ኤፍ.ቲ. ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል ብሎ ደመደመ።

መልስ 5

ያችን መደምደሚያ አንዲት መምህርት ወዲያው አረመቻት። ኮን ያረጋገጠው ትክክለኛው ቀመር መኖሩን ነው፣ ቀመሩን እስከ ዛሬ የጻፈው ሰው የለም አለች። እኛ የምንጠቀምባቸው፣ ለምሳሌ ቢ.3.ኤል.ዋይ.ፒ. የሚባለው፣ ግምቶች ናቸው። ለአንዱ ሪአክሽን ጥሩ ሆነው ለሌላው ይስታሉ። በተለይ የአክቲቬሽን ኢነርጂን፣ ማለትም ሪአክሽኑ እንዲካሄድ መታለፍ ያለበትን የኢነርጂ ከፍታ፣ ዝቅ አድርገው የመገመት ጠባይ አላቸው። ባለ ፊዚክሱም ያለ ብዙ ክርክር አመስግኗት አለፈ።

መልስ 6

የአጋሮ ቡና ነጋዴ ነው። ሳይንሱን እንደማይነካው፣ ቡናውን ግን እንደሚያውቅ ነገረን። ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር። ይህ ሁሉ ስሌት ቡናዬን መቼ ከእሳት ማውጣት እንዳለብኝ ይነግረኛል ወይ አለ። ካልነገረኝ ለማን ነው የሚጠቅመው?

መልስ 7

ይህ የእኔ ነው። ለነጋዴው ወንድሜ፣ መቼ እንደምታወጣው አሁን አይነግርህም አልኩት። የሚነግርህ ለምን እንደሆነ ነው። ቡና ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ሲቆላ ትሪጎኔሊኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ከፊሉ ኒኮቲኒክ አሲድ ይሆናል፣ ከፊሉ ሽታ ያላቸው ፒሪዲኖችን ይሰጣል። ክሎሮጀኒክ አሲዱ ውሃ እያጣ ላክቶን ወደሚባሉ መራራ ነገሮች ይለወጣል። ካፌኑ ግን ብዙም አይነካም። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው በየትኛው ሙቀት እንደሚፈጥን የሚወስነው የአክቲቬሽን ኢነርጂው ነው። ሲሙሌሽን የሚሰጠን እሱን ነው። ምክንያቱ ከታወቀ ለመቆላት የሚስማማውን መንገድ መፈለግ ይቀላል።

መልስ 8

የመልስ 1 ተማሪ ተመለሰ። ትሪጎኔሊን ማለት ኒኮቲኒክ አሲድ ናይትሮጅኑ ላይ ሜታይል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) ተለጥፎበት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ናይትሮጅኑና ሜታይሉ መካከል ያለውን ቦንድ እየሳብኩ እስኪበጠስ ኢነርጂውን ብመዘግብ ሥራው አላለቀም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የዋህ ይመስላል፣ ግን የክሩን ምርጥ መልስ ያመጣው እሱ ነው።

መልስ 9

መልስ 5 ላይ ያየናት መምህርት ናት፣ አሁን ረጅም ጽፋለች። ወንድሜ፣ ሜታይሉ ወዴት ይሄዳል ብላ ጀመረች። ብቻውን ባዶ ቦታ ላይ ከጎተትከው የምታገኘው ከፍታ በቡና መቁያ ሙቀት የሚወጣ አይደለም። ምክንያቱም ሜታይሉን የሚቀበለው የለም። እውነተኛው ፍሬ ውስጥ ግን ጎረቤት አለ። ትሪጎኔሊን ቀለበቱ ላይ ፖዘቲቭ፣ ካርቦክሲሌቱ (ኦክሲጅኖቹ ያሉበት የአሲድ ጫፉ) ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ስለዚህ የአንዱ ሞለኪውል ካርቦክሲሌት የሌላውን ሜታይል ሊቀበለው ይችላል። ውሃም ሊቀበል ይችላል፣ ሌላ አሲድም እንዲሁ። ለዚህ ምልክት አድርጋ ያቀረበችው የተቆላ ቡና ውስጥ ሜታይል ኒኮቲኔት መገኘቱን ነው። ሜታይሉ ከናይትሮጅን ወደ ኦክሲጅን ካልተሻገረ ያ ከየት ይመጣል አለች።

ሁለተኛ ነጥቧ የአካባቢው ጉዳይ ነው። ሁለት ተቃራኒ ቻርጅ የተሸከመ ሞለኪውልን ባዶ ቦታ ላይ ካሰላኸው ቻርጆቹ ያለ ልክ ይሳሳባሉ። ጥሬ ቡና ከ10 እስከ 12 ከመቶ ውሃ አለው፣ ሲቆላ አብዛኛው ይወጣል። ታዲያ ስሌቱ ውስጥ ያለው አካባቢ የትኛው ነው? መጀመሪያ ላይ ያለው እርጥቡ ፍሬ ወይስ መጨረሻ ላይ ያለው ደረቁ? አንዱን መርጦ ምክንያቱን መጻፍ ግድ ነው አለች። ይህን መልስ ለተማሪዎቼ አትሜ ሰጥቻለሁ።

መልስ 10

አንድ ሰው ሞለኪውሎቹን ሳጥን ውስጥ አስገብተን፣ ሙቀቱን 220 አድርገን፣ እንደ ቪዲዮ ለምን አናያቸውም ብሎ ጠየቀ። መቼ እንደሚበጠስ ቁጭ ብሎ ማየት ነው አለ።

መልስ 11

መልሱን የሰጠው መልስ 4 ላይ የጻፈው ባለ ፊዚክስ ነው፣ በዚህኛው ደግሞ ልክ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ሞለኪውላር ዳይናሚክስ ይባላል። አኒሱር ራህማን እ.ኤ.አ. በ1964 በ864 የአርጎን አቶሞች ፈሳሽ አርጎንን በዚህ መንገድ አስልቷል። አርጎን ውስጥ ግን የሚበጠስ ቦንድ የለም። ችግሩ ጊዜ ነው። አቶሞች ስለሚንቀጠቀጡ እርምጃው 1 ፌምቶሰከንድ ገደማ መሆን አለበት፣ ማለትም የሰከንድ ሚሊዮንኛ የቢሊዮንኛ ክፍል። የአክቲቬሽን ኢነርጂው በሞል 20 ኪሎ ካሎሪ የሆነ ሪአክሽን በክፍል ሙቀት አንዴ እስኪከሰት አንድ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። አንድ ደቂቃ 60 ሺህ ትሪሊዮን እርምጃ ነው። በሰከንድ ሺህ እርምጃ የሚሠራ ማሽን ቢገኝ እንኳ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ሙቀት ሲጨምር ጥበቃው ያጥራል፣ ቢሆንም ቦንድ የሚበጠስበት እውነተኛ የኳንተም ስሌት ለእያንዳንዱ እርምጃ በጣም ከባድ ነው።

ስለዚህ ኬሚስቶች ዝም ብለው አይጠብቁም። ተራራ ሊሻገር የተነሳ መንገደኛ ኮርቻውን፣ ማለትም በሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ዝቅ ያለ ቦታ፣ እንደሚፈልግ፣ እነሱም በመነሻውና በመድረሻው መካከል ያለውን ዝቅተኛውን መሻገሪያ ይፈልጋሉ። ያ ትራንዚሽን ስቴት ይባላል። ኤይሪንግና ፖላኒ የሃይድሮጅንን ሪአክሽን በዚህ መልክ የሳሉት እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው። የመሻገሪያው ከፍታ ከታወቀ ፍጥነቱን በቀመር ማውጣት ይቻላል።

መልስ 12፣ 13 እና 14

እዚህ ጋ ክሩ ወደ መብራት ዞረ። ሦስቱም ተመሳሳይ ብሶት ነው ያላቸው። ቀናት የፈጀ ስሌት ሊያልቅ ሲል መብራት ይጠፋል። አንዱ ዩፒኤስ ገዝቶ ደቂቃዎች ብቻ እንደያዘለት ነገረን። ሌላዋ ማታ ጀምራ ጠዋት የምታገኘው የጠፋ ስክሪን እንደነበር ጻፈች። ሦስተኛው ጠቃሚ ነገር አመጣ። ሥራውን ቆራርጡት አለ። መጀመሪያ ቅርጹን አስተካክሉ፣ የመጨረሻውን ጂኦሜትሪ አስቀምጡ፣ የፍሪኩዌንሲ ስሌቱን (የሞለኪውሉን ንዝረት የሚያወጣውን) ለብቻው አስነሱ። መብራት ቢሄድ የምታጡት አንዱን ቁራጭ ብቻ ነው። ስሌቱ የደረሰበትን የሚይዘውን የቼክ ፖይንት ፋይል ደግሞ በየጊዜው ወደ ፍላሽ ገልብጡ አለ። እንደ እኛ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን ምክር ችላ ማለት አይቻልም።

መልስ 15

በመጨረሻ ለመልስ 1 ተማሪ የሚመልስለት ተገኘ። ትሪጎኔሊን 17 አቶም ነው፣ ላፕቶፕህ ይችለዋል አለው። ክሎሮጀኒክ አሲድ ግን 43 አቶም አለው። የዲ.ኤፍ.ቲ. ስሌት በመጠኑ ኪዩብ የሚያድግ ቢሆን እንኳ 16 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ሲ.ሲ.ኤስ.ዲ.ቲ. የሚባለው ይበልጥ ትክክለኛ የሆነ ዘዴ ደግሞ በሰባተኛ ኃይል ስለሚያድግ፣ ሞለኪውሉ እጥፍ ሲሆን ሥራው 128 እጥፍ ይሆናል። ኤክስ.ቲ.ቢ. በሚባለው ፕሮግራም ጀምር፣ ፈጣን ነው፣ ከዚያ ኦርካ የሚባለውን ፕሮግራም ለትምህርት በነጻ አውርደህ ወደ ዲ.ኤፍ.ቲ. ግባ። ሞለኪውሉን ለመሳል አቮጋድሮ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። ኤን.ደብሊው.ኬም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው ብሎ ጨመረለት። ተማሪው ጮቤ ረገጠ።

መልስ 16

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። አንድ ሰው እሳት ጎርሶ ገባ። በኮምፒውተር የሚሠራ ኬሚስትሪ ያረከሰው ዶኪንግ ነው አለ። የአንድ ቅጠል ስም ይነሳል፣ ከውስጡ አምስት ሞለኪውል ይመረጣል፣ ከአንድ ፕሮቲን ጋር ይገጠማል፣ ትልቅ ኔጋቲቭ ቁጥር ይወጣል፣ ከዚያ በሽታው ተፈወሰ ይባላል። ማንም ቅጠሉን በእጁ አልነካም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩትን አጭበርባሪ እስከማለት ደረሰ።

መልስ 17

ፋርማሲ የተማረች ናት፣ በጣም ተቆጥታለች። ዶኪንግ እሠራለሁ፣ አጭበርባሪ አይደለሁም አለች። ከአንድ ሺህ ሞለኪውል ውስጥ የትኞቹን ሃያ በእጄ ልሞክር የሚለውን ለመምረጥ እንጂ መድኃኒት አገኘሁ ለማለት አይደለም የምጠቀምበት። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፣ ከመሣሪያው አቅም በላይ የሚናገረው ሰው ነው አለች። አክላም ለመልስ 16 ጸሐፊ ሰው ከመስደብህ በፊት የሚሰደበውን ሥራ አንብብ ብላ ልክ ልኩን ነገረችው።

መልስ 18

ሁለቱን ያበረደ ሰው ነው። ዶኪንግና ሪአክሽን ማስላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው አለ። ዶኪንግ ውስጥ ቦንድ አይበጠስም፣ አይገጠምም። ትንሹ ሞለኪውል በፕሮቲኑ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ተገምቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ፕሮቲን ውስጥ የሚካሄድ ሪአክሽንን ለማስላት ሌላ ዘዴ አለ። ቦንዱ የሚበጠስበት ትንሽ ቦታ በኳንተም፣ የቀረው ትልቁ አካል በተራ መካኒክስ ይሰላል። ዋርሼልና ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1976 እንቁላል ነጭ ውስጥ የሚገኘውን ላይሶዛይም የተባለ ፕሮቲን በዚህ መንገድ አጥንተዋል። ከካርፕለስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 ኖቤል ተሸለሙ። ይህ ለጋሼም መልስ ይሆናል ብሎ አበቃ።

የመልስ 16 ጸሐፊ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን ስድቡን ሰረዘ።

መልስ 19 እና 20

አንድ የቦንጋ ልጅ ቡና የጅማ ነው ያለው ማን ነው፣ ቡናማ የከፋ ነው ብሎ ተነሳ። በክሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ማንም የለም፣ ቢሆንም ክርክሩ ለሁለት መልስ ያህል ተጧጧፈ። የቡና አገሩ የት እንደሆነ ጥሩ ጨዋታ ነው፣ ግን ሌላ ክር ይክፈቱለት ብዬ አሳልፌዋለሁ።

መልስ 21

ጋሼ ተመለሱ። በዚህኛው አላሾፉም፣ የቁም ነገር ጥያቄ አመጡ። ስሌቱ በሞል ስንት ኪሎ ካሎሪ ይስታል አሉ። ሦስት ቢስት ፍጥነቱ ላይ ምን ያህል ስህተት ነው? ይህን የማይመልስ ቴሲስ እኔ ፊት አይቀርብም አሉ።

መልስ 22

መምህርቷ በቁጥር መለሰችላቸው። በ25 ዲግሪ 1 ኪሎ ካሎሪ ስህተት ፍጥነቱን ከ5 እጥፍ በላይ ያዛባል፣ 3 ኪሎ ካሎሪ ደግሞ ከ150 እጥፍ በላይ። በመቁያ ሙቀት ግን፣ 220 ዲግሪ ብንል፣ 1 ኪሎ ካሎሪ ወደ 3 እጥፍ፣ 3 ኪሎ ካሎሪ ደግሞ ወደ 20 እጥፍ ነው የሚያዛባው። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ስህተቱ ፍጥነቱ ላይ ያለው ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥሩን ነጥሎ ከማመን ሁለት ተመሳሳይ መንገዶችን ማወዳደር ይሻላል አለች። ሜታይሉ ወደ ካርቦክሲሌት መሄዱ ይቀለዋል ወይስ ወደ ውሃ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ስህተቱ በሁለቱም በኩል ስለሚመሳሰል በከፊል እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ጋሼ በአንድ ቃል ደህና ብለው መለሱ። ጋሼን የሚያውቅ ይህ ትልቅ ምስጋና መሆኑን ያውቃል።

መልስ 23 እና 24

አንድ የሶፍትዌር ሰው ይህ ሁሉ ድካም አብቅቷል፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሪአክሽኑን በሰከንድ ይነግራችኋል አለ። ለማስረጃ የአልፋፎልድን የ2024 ኖቤል ጠቀሰ። ወዲያው መልስ አገኘ። አልፋፎልድ የሚነግረን የፕሮቲንን ቅርጽ ነው፣ ቦንድ እንዴት እንደሚበጠስ አይደለም ተባለ። ለሪአክሽን የሚሆነው ቤለርና ፓሪኔሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት ዓይነት የኒውራል ኔትወርክ ነው። እሱም ቢሆን የሚማረው ከዲ.ኤፍ.ቲ. ስሌቶች ነው፣ ያልተማረው ቦታ ሲደርስ ይቀባጥራል። መምህሩ ከሳተ ተማሪውም ይስታል ማለት ነው። የሶፍትዌር ሰው አልተመለሰም።

መልስ 25

ተማሪዬ ራሷ ጻፈች። እስካሁን ዝም ብላ ስታነብ ነበር። ስለ ዲፌንሱ አላማረረችም፣ ያየችውን ብቻ ነገረችን።

ሁለት ትሪጎኔሊን ፊት ለፊት አስቀምጣ ትራንዚሽን ስቴቱን ፈለገች። ኮርቻው ትክክለኛ የሚሆነው ፕሮግራሙ በኔጋቲቭ ምልክት የሚያሳየው የንዝረት ፍሪኩዌንሲ አንድ ብቻ ሲሆን ነው። እሷ ሁለት ነበር ያገኘችው። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ በጣም ትንሽ። ትንሿን አኒሜት አድርጋ ስታያት የዳር ሜታይል በከንቱ ሲሽከረከር ነበር። ያንን ሜታይል ትንሽ አዙራ ስሌቱን ደገመች፣ ትንሿ ጠፋች። የቀረችውን አንዷን ከፈተቻት። ሲጀምር የሚሻገረው ሜታይል ሦስት ሃይድሮጅኖች ወደ ኦክሲጅኑ አዘንብለው ነበር። መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ ከካርቦኑ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ቀጥ ብለው ተዘረጉ። ናይትሮጅኑ በአንድ በኩል፣ ኦክሲጅኑ በሌላ በኩል፣ ካርቦኑ መሃል ላይ የማንም ሳይሆን። ከዚያ ሃይድሮጅኖቹ ወደ ናይትሮጅኑ ተገለበጡ፣ ሜታይሉም የኦክሲጅኑ ሆነ። ከመሻገሪያው በሁለቱም አቅጣጫ ቁልቁል ወርዳ መነሻውና መድረሻው ትክክል መሆኑን አረጋገጠች።

ይህን ያየ ሰው ኬሚስትሪ አልሠራሽም የሚለው ምን ብሎ ነው? አሁንም ይከነክነኛል።

መልስ 26

ጋሼ ናቸው። በኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ቴሲስ አሁንም አይዋጥልኝም ብለው ጀመሩ። ቀጥለው ግን ሙሉ ሙከራ ሠርተው ሰጧት። ልጄ፣ ትሪጎኔሊን ከውጭ እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ቡናው ውስጥ አለልሽ አሉ። ከአንድ ዓይነት ቡና ወስደሽ በሦስት ወይም በአራት የተለያየ ሙቀት ቁዪ። በየጊዜው ናሙና እያወጣሽ በሙቅ ውሃ አውጥተሽ ውህዶችን ለያይቶ በሚለካው መሣሪያ፣ በኤች.ፒ.ኤል.ሲ. ለኪ። ምን ያህል ትሪጎኔሊን እንደቀረ ከታወቀ የፍጥነት ቋሚው ይወጣል። የቋሚውን ሎጋሪዝም አንድ ለሙቀት ሲካፈል ከሚሰጠው ቁጥር ጋር አድርገሽ ሣይ፣ ከመስመሩ ተዳፋት አክቲቬሽን ኢነርጂውን ታገኛለሽ። አርሄኒየስ እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ያስተማረን ይህን ነው። ከዚያ የተሰላውን ጎኑ ላይ አስቀምጪ አሉ።

እኔ መነሻው ላይ ያነሳሁት ቅድመ ሁኔታ በተግባር ይህን ይመስላል።

መልስ 27

መምህርቷ አንድ ጥንቃቄ ጨመረች። ትሪጎኔሊኑ የሚጠፋው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ኒኮቲኒክ አሲድ የሚሆነው ከፊሉ ነው። የቀረውን ትሪጎኔሊን ብቻ ከለካሽ የምታገኚው የሁሉም መንገድ ድምር ነው፣ ያሰላሽው ግን አንዱን ነው። ስለዚህ የተፈጠረውን ኒኮቲኒክ አሲድም አብረሽ ለኪ አለቻት። ሁለቱ ካልገጠሙ ስሌቱን ከመጣል በፊት ይህን ማየት ያስፈልጋል።

መልስ 28 እና 29

አንድ ሰው ጋውሲያን የተባለውን የሚሸጥ የስሌት ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ገልብጬ ልላክልሽ አላት። የሚቀጥለው መልስ በቁጣ ዘጋበት። ነጻ ፕሮግራም ሞልቶ ሳለ በተሰረቀ ፕሮግራም የተሠራ ቴሲስ ለሚቃወሟት ሰዎች በትር ማቀበል ነው አለው። እውነቱን ነው።

መልስ 30

የአጋሮው ነጋዴ ተመለሰ። ቡናውን እኔ እሰጣለሁ አለ። ጀንፈል አለኝ፣ ጥሩ ደርቋል፣ የፈለገችውን ያህል ትውሰድ።

መልስ 31

አንድ የቡና ጥራት ቀማሽ ለሙከራ የታጠበ ቡና ይሻላል አለ። ጀንፈል ከፍሬ ፍሬ ይለያያል፣ አንዱ ይበስላል፣ አንዱ ጥሬ ይቀራል አለ። ነጋዴው ተከፋ። ለኤክስፖርት ጅማ 5 በሚባለው የቡና ደረጃ ስም ስንት ጭነት እንደሚወጣ አታውቅም ወይ ብሎ መለሰ። ቀማሹም ቡናህን አልናቅሁም፣ ለልኬት ነው ያልኩት ብሎ አለዘበው። በመጨረሻ ተስማሙ። ከአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን የታጠበና የደረቀ ቡና ነጋዴው ራሱ ያመጣል። ከመቆላቱ በፊት እርጥበቱ ይለካል።

መልስ 32

ተማሪዬ ሁሉንም አመሰገነች። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷት ነበር። በብረት ምጣድ ብቆላው ይሆናል ወይ አለች።

መልስ 33

ጋሼ ናቸው። አይሆንም አሉ። የምጣዱ ሙቀትና የፍሬው ሙቀት ለየቅል ነው፣ በየደቂቃው ደግሞ ይለዋወጣል። የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ኦቨን ይሁን፣ የቴርሞኮፕሉ (ሙቀት የሚለካው ሽቦ) ጫፍም ፍሬው ውስጥ ተሰርስሮ ይግባ። ሽቦው እሳቸው ጋ አለ። እንዲሰጧት ስልኳን በግል እንድትልክላቸው ጠይቀዋታል።